የተደገመ የጉልበት ጅማት ቀዶ ሕክምና፦ ባሕር ዳር ላይ ማገገሚያውን የት እና ከማን ጋር መሥራት ይሻላል?

ኤሲኤል የሚባለው የፊት መስቀለኛ የጉልበት ጅማት አንዴ ተሠርቶ፣ እንደገና ተበጥሶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ የቤተሰቡ ጭንቀት ሁሉ ቀዶ ሕክምናው ላይ ያርፋል፦ ማን ይሥራው፣ የት ይሠራ፣ ስንት ይፈጃል። ቀዶ ሕክምናው የሰዓታት ሥራ ነው። ማገገሚያው ግን ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ይወስዳል። የት እንደሚሠራ ብዙዎች ማሰብ የሚጀምሩት ስፌት ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ሁለት ወሳኝ ሳምንታት ባክነዋል።

ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው በተግባር አምስት መንገዶች አሉ፦ የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ክትትል ያለው የቤት ውስጥ ልምምድ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ የግል ፊዚዮቴራፒስት፣ ጂም፣ እና አዲስ አበባ ሄዶ መክረም። ስድስተኛው ወጌሻ ነው፤ በየቤቱ ስለሚነሳ እሱንም እናየዋለን።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። የመጀመሪያው ወር ሕመም አለው፣ ክራንች አለው፣ ጠያቂ አለው፤ ስለዚህ ሰው አይዘናጋም። ችግሩ አራተኛው ወር ላይ ነው። ታማሚው ያለ ክራንች ይሄዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሕመም የለውም፤ ልምምዱን ያቆማል። የፊት ጭኑ ጡንቻ ግን ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ምርጫው መመዘን ያለበት «የት ጥሩ መሣሪያ አለ?» በሚል ሳይሆን «የትኛውን እስከ 12ኛው ወር ሳላቋርጥ እይዘዋለሁ?» በሚል ነው።

## ከመምረጥ በፊት ከቀዶ ሐኪሙ የሚወሰድ ወረቀት

ከሆስፒታል ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ቅጂ ይጠይቁ። ማንኛውም ፊዚዮቴራፒስት ያለዚህ ወረቀት በግምት ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር መገኘት አለበት።

አንደኛ፣ ምትኩ ጅማት ከየት ተወሰደ? ከኋላ ጭን ከሆነ በዚያ ጡንቻ ላይ ለብቻው ከባድ ጭነት ለመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሳምንታት አይጣልም፣ አንዳንድ ሐኪሞች እስከ 12 ያዘገዩታል። ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት ከሆነ በጉልበት መንበርከክ ለወራት ያማል። ከሎሚው በላይ ካለው ጅማት ከተወሰደ ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻ አቅሙን ለመመለስ ይዘገያል። በሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ምትኩ ከሌላኛው፣ ካልታመመው እግር ሊወሰድም ይችላል። እንዲህ ከሆነ «ደህናው እግር» የምንለው ራሱ ደክሟል፤ ሁለቱን እግሮች እያነጻጸሩ መለካት ያሳስታል።

ሁለተኛ፣ ሜኒስከስ፣ ማለትም በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ለስላሳ አጥንት፣ ተሰፍቷል? ተሰፍቶ ከሆነ ጉልበትን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ይከለከላል፤ ሙሉ ክብደት መጣልም ሊዘገይ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሥራው በአንድ ጊዜ አለቀ ወይስ በሁለት ደረጃ ነው? ለመጀመሪያው ጅማት የተበሳው የአጥንት ቀዳዳ ተስፋፍቶ ከሆነ መጀመሪያ በአጥንት ይሞላና ከ4 እስከ 6 ወር ተጠብቆ ጅማቱ ይገባል። በመካከል ያለው ጊዜ ጡንቻ የሚገነባበት እንጂ የእረፍት አይደለም። አራተኛ፣ ክብደት መጣል የሚፈቀደው ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ብሬስ የሚባለው የጉልበት ማሰሪያስ እስከ መቼ ይታሰራል?

አምስተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፦ የመጀመሪያው ለምን ተበጠሰ? ቀዳዳው ቦታውን ስቶ፣ ሌላ የተጎዳ ጅማት ሳይታይ ቀርቶ፣ በአዲስ አደጋ፣ ወይስ ቶሎ ወደ ኳስ ተመልሰው? የመጨረሻው ከሆነ ምርጫዎን የሚወስነው እሱ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ጊዜው ሳይደርስ «ቁም» የሚል ሰው ያለበትን መንገድ ነው።

## መመዘኛዎቹ

ሁሉንም መንገዶች በአምስት ነገር እንመዝናቸዋለን።

የመጀመሪያው፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ሙሉ መዘርጋትን ማስመለስና እብጠትን መቆጣጠር ነው። ያልተዘረጋ ጉልበት አካሄድን ያበላሻል፤ የፊት ጭን ጡንቻም ሙሉ በሙሉ አይሠራም። እብጠትም እንዲሁ ነው፦ ውኃ የቋጠረ ጉልበት ጡንቻው እንዳይኮማተር ምልክቱን ያፍነዋል። ታማሚው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ነርቩ ነው የሚዘጋው።

ሁለተኛው ከ3ኛው ወር በኋላ በቂ ጭነት መገኘቱ ነው። ሠላሳ ጊዜ ያለ ችግር የሚያነሱት ክብደት አያጠነክርም። ጡንቻ የሚገነባው ከ6 እስከ 10 ጊዜ ብቻ በሚያነሱት ክብደት ነው። ሦስተኛው በየጊዜው በቁጥር መለካት፣ አራተኛው እስከ 12ኛው ወር መዝለቅ ነው።

አምስተኛው የጠቅላላ ወጪው ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የአንዱን ቀን ዋጋ ስለሚያይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ እስከ 4ኛው ወር በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ቢሄዱ በዓመት ወደ 40 ጉዞ ይሆናል። የአንድ ጊዜ ክፍያውንና የደርሶ መልስ ባጃጁን ደምረው በ40 ያባዙት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በኮንትራት ባጃጅ ያስሉ፤ ብሬስ ያሰረ እግር የኋላ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ነው መሄድ ያለበት፣ ሌላ ተሳፋሪ አብሮ አይገባም።

## የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል

እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታሎች ትልቁ ጥቅማቸው ከአጥንት ሐኪሙ ጋር በአንድ ግቢ መሆናቸው ነው። ጉልበቱ ቢሞቅ፣ ስፌቱ ቢመግል፣ ባት ቢያብጥ በዚያው ቀን የሚያይ ሐኪም አለ። ወጪውም ዝቅተኛ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ቀድሞ አስተካክሎ፣ ፊዚዮቴራፒ የሚሸፈን መሆኑን ካርድ ክፍል ጠይቆ ይሂድ።

ድክመቱ ወረፋና የጊዜ እጥረት ነው። አንድ ባለሙያ ብዙ ታማሚ ይጠብቀዋል። በዚህ የተነሳ ክፍለ ጊዜው በሙቀት፣ በኤሌክትሪክና በመታሸት ሊያልቅ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ የሚጠቅመው የፊት ጭን ጡንቻን የሚያኮማትረው የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ነው፤ እሱንም ጡንቻውን አብረው እያኮማተሩ ሲወስዱት። ሙቀትና መታሸት ያዝናናሉ እንጂ ጡንቻ አያጠነክሩም። ሰዓትዎን ይያዙ፦ ከ40 ደቂቃ ውስጥ እርስዎ ራስዎ የሠሩበት 25 ደቂቃ ካልሞላ ክፍለ ጊዜው አልጠቀመም።

ከዚህ ክፍል ብዙ የሚያገኙት ደብተር ይዘው ሲገቡ ነው። በየጊዜው አራት ቁጥር ያስጽፉ፦ ጉልበቱ ስንት ዲግሪ ተዘረጋ፣ ስንት ታጠፈ፣ ከሎሚው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የጭኑ ዙሪያ ስንት ነው፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በቤት ምን ያህል ጭነት ይሠራል። ባለሙያው ቢቀየር እንኳ ደብተሩ ይናገራል።

## የቤት ውስጥ ልምምድ ከክትትል ጋር

ይህ መንገድ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ያስኬዳል፤ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ የሚያይ ባለሙያ፣ እና ሐቀኛ የሆነ ደብተር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ ቀላል ቢመስልም ዋናው እሱ ነው። ተረከዙን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አስቀምጠው ጉልበቱን በአየር ላይ ይልቀቁት፤ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ትራስ ከጉልበቱ ሥር ማድረግ ደስ ይላል፣ ጠያቂም ሁሉ የሚያመጣው እሱን ነው፤ ግን ጉልበቱን ታጥፎ እንዲደርቅ የሚያደርገው ያው ትራስ ነው። ቀጥሎ የፊት ጭንን አጥብቆ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ፣ በየሰዓቱ። እግሩ ተዘርግቶ ሲነሳ ጉልበቱ የማይታጠፍ ከሆነ ጡንቻው ነቅቷል ማለት ነው። ትንሽም ከታጠፈ ክራንቹን ለመጣል ገና ነው።

መዘርጋቱን ለመለካት አልጋ ላይ በደረት ይተኙና ከጉልበት በታች ያለው እግር ከአልጋው ውጭ ይንጠልጠል። ሌላ ሰው የሁለቱን ተረከዞች ከፍታ ያወዳድር፤ 1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በግምት 1 ዲግሪ ነው። እብጠቱን ለማየት ደግሞ የሎሚውን ውስጥ ጎን ከታች ወደ ላይ በመዳፍ ይጥረጉ፣ ከዚያ የውጭውን ጎን ከላይ ወደ ታች። ባዶ የነበረው የውስጥ ጎን እንደ ማዕበል ጉብ ካለ ውስጡ ውኃ አለ። ልምምዱ ልክ መሆኑን የሚነግረው ይህ ነው፦ በማግስቱ ጠዋት ውኃው ከጨመረ ትናንት በዝቷል፣ ካልጨመረ ጭነቱ ይጨመራል።

ከ6ኛው ሳምንት በኋላ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ደረጃ መውጣትና ከወንበር መነሳት ይገባል። እዚህ ላይ አካል ያታልላል። ታማሚው ከወንበር ሲነሳ ሳያውቀው ክብደቱን በደህናው እግር ላይ ይጥላል፤ በወር 600 ጊዜ ተነሣሁ ይላል፣ የሠራው ግን ሌላው እግር ነው። መፍትሔው ደህናውን እግር አንድ ጫማ ያህል ወደፊት ማስቀደም ነው፤ ያኔ የተሠራው እግር ግድ ይሸከማል።

ጭነቱ ከቤት ይገኛል። ውኃ የሞላ የ5 ሊትር ጀሪካን 5 ኪሎ፣ የ20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው። በጀርባ ቦርሳ አሸዋ መጨመርም ይቻላል። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ደረጃ ላይ በተሠራው እግር ቆመው ደህናውን በ4 ሰከንድ ቀስ ብለው ወደ መሬት ያውርዱ፤ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲያጋድል ዙሩ እዚያው ይቁም። የዚህ መንገድ ጣሪያ ግን 4ኛው ወይም 5ኛው ወር ላይ ይመጣል። ከዚያ በላይ ጀሪካን መደራረብ አይሆንም፤ መሣሪያ ያስፈልጋል።

## ቤት ድረስ የሚመጣ የግል ፊዚዮቴራፒስት

ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ወይም በክረምት ለተሠራ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያድን ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ጭቃ የያዘ መንገድ ለክራንች አደጋ ነው፤ የክራንቹ ጎማ አልቆ ከሆነ ደረቅ ሴራሚክ ላይም ያንሸራትታል። ባለሙያው የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። ሲመጣ የሚያሽ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ለመዝናናት ሄዷል። የማዕዘን መለኪያ ይዞ የሚመጣ፣ ልምምዱን አሳይቶ ስህተትዎን አርሞ የሚሄድ ከሆነ በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ከ3ኛው ወር በኋላ ወደ ቤት ማስመጣት አያስፈልግም፤ ያን ገንዘብ ጂም ላይ ያውሉት።

## ጂም

ከ3ኛው ወር በፊት ጂም ውስጥ ከቆመ ብስክሌት በቀር ብዙ ሥራ የለዎትም። ብስክሌቱም ጉልበቱ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ ኮርቻው ከፍ ተደርጎ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከዘጠኝ ወር ማገገሚያ ውስጥ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ቦታ ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ብዙዎችም የሚተዉት ይህንኑ ነው።

ጂም ሲመርጡ ስለ ሙዚቃውና ስለ መስታወቱ ይተዉትና አንድ ነገር ይፈልጉ፦ ተቀምጠው እግር የሚዘረጉበት ሌግ ኤክስቴንሽን አለ? በአንድ እግር መሥራት ይቻላል? ክብደት በእግር የሚገፋበት ሌግ ፕሬስ ብቻ ያለው ጂም አይበቃም። ሌግ ፕሬስ ላይ ዳሌና ባት የፊት ጭኑን ድክመት ይሸፍኑለታል። ሁለቱም እግሮች እኩል 80 ኪሎ ገፉ ብሎ የሚደሰት ሰው ሌግ ኤክስቴንሽን ላይ ሲቀመጥ ደህናው 40፣ የተሠራው 26 ሊያነሳ ይችላል። ያ 65 ከመቶ ነው፤ መሮጥም አይፈቅድም። ሌላው የሚታየው የክብደት ጭማሪው ነው፦ በ2.5 ወይም በ5 ኪሎ የሚጨምር ከሆነ ጥሩ፣ በ10 የሚዘል ከሆነ ለተሠራው እግር ይከብዳል።

በዚሁ መሣሪያ ላይ አደጋም አለ። ከ90 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ክፍል መሥራት ለአዲሱ ጅማት የሚቀለው ነው፤ የመጨረሻው ከ45 ዲግሪ እስከ ሙሉ መዘርጋት ያለው ክፍል በከባድ ክብደት ጅማቱን ይስበዋል። መቼ ሙሉ ክልሉ እንደሚከፈት ፊዚዮቴራፒስቱ ይወስን፣ አሠልጣኙ አይደለም። አሠልጣኙ ደግ ሰው ሆኖ «ትንሽ ጨምር» ይላል፤ ጅማቱን አያየውም። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ የተጻፈ ነገር ይስጡት፦ የተፈቀደ ማዕዘን፣ የተከለከለ እንቅስቃሴ፣ የሕመም ገደብ ከ10 ውስጥ 3። እየተጠማዘዙ የሚዘሉበት የቡድን ኤሮቢክስ ከታች እስከምናየው የመመለሻ ፈተና ድረስ የተከለከለ ነው።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ 3 እስከ 4 ዙር፣ በየዙሩ 8 ጊዜ። ከመብራት መጥፋት ጋር የማይቆም መሆኑም ጥቅሙ ነው፤ ትሬድሚል ይቆማል፣ ብረት አይቆምም።

## አዲስ አበባ መክረም

ሁለት ዓይነት ሰው ይጠቅማል፦ ብዙ ጅማት በአንድ ላይ የተጎዳበት ወይም በሁለት ደረጃ የሚሠራለት፣ እና ጉልበቱ ደርቆ አልዘረጋ ያለው። ለሌላው ዓመት ሙሉ መክረም ከቤትና ከሥራ ይነቅላል፣ ብር ያልቃል፤ ብሩ ሲያልቅ ልምምዱም በ4ኛው ወር ይቆማል። የተሻለው እዚያ የተሠራ ሰው ስፌት እስኪወጣ፣ ማለትም ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ መመለስና ለልኬት ብቻ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ9ኛው ወር መሄድ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ጉልበትን አጥፎ መቀመጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለደም መርጋት ያጋልጣል። ጉዞው ግድ ከሆነ የተሠራው እግር ወደ መተላለፊያው የሚዘረጋበት ወንበር ይያዙ፣ በየሰዓቱ ወርደው ይራመዱ፣ የደም ማቅጠኛ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

## ወጌሻ

ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ነው፣ እናቶችም የሚጠሩት በፍቅር ነው። የተሠራ ጅማት ግን ለወጌሻ እጅ አይሰጥም። ጅማቱ በአጥንት ቀዳዳ ውስጥ በብሎንና በማያያዣ ተይዞ ከአጥንቱ ጋር ለመጣበቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ በዚህ መካከል ጉልበቱን በኃይል ያጠፈ ሰው ጅማቱን ሊያላላው ይችላል። ባት ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ መታሸቱ የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ያልደረቀ ቁስል ላይ ቅቤ ወይም ቅጠል ማድረግ ኢንፌክሽን ይጠራል። እናት መርዳት ስትፈልግ ሜትሩን ይስጧት፤ የጭኑን ዙሪያ በየእሁዱ ትለካ።

## መንገዱ የትም ይሁን፣ ቤትና ከተማው የሚጠይቁት

የቁጢጥ ሽንት ቤት ጉልበትን እስከ መጨረሻው ማጠፍ ይጠይቃል። ሜኒስከስ ለተሰፋለት ሰው ይህ ልምምድ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ መቀመጫው የተቀደደ ወንበር አናጺ ቤት አሠርተው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያዘጋጁ። የቡና ዱካም ዝቅ ያለ ነው፣ ለሦስት ወር በከፍተኛ ወንበር ይለወጥ። ስግደት ጥልቅ ማጠፍንም መንበርከክንም ያጣምራል። ዐቢይ ጾም በማገገሚያው መካከል ከገባ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ ቆመው ራስዎን ዝቅ በማድረግ እንዲያደርሱ ይጠይቁ።

ምግቡም ከጡንቻው ጋር ይያያዛል። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ ግብ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም። የጣና ቆሮሶ 100 ግራም ሥጋው 20 ግራም ያህል፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ይሰጣል። በጾም ቀን 200 ግራም ደረቅ ምስርና ሽሮ 45 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም ለውዝ 25 ይሆናል። እንጀራው ይጨምራል፣ ግን ግቡን ለመድረስ ሁሉንም በቀን ሦስቴ መከፋፈል ይጠይቃል።

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፣ ብስክሌትም የሁሉም ነው፤ ለጉልበት ከዚህ የተሻለ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ከ3ኛው ወር በፊት ግን መንገድ ላይ አይንዱ። ፔዳሉ አይጎዳም፣ የሚጎዳው ባጃጅ ሲቀድም በድንገት እግር መሬት መትከል ነው። የሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ለመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ይመቻል፤ የቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁለት ግን ከወጡት በላይ ሲወርዱ የፊት ጭንን ይፈትናል፣ እስከ 5ኛው ወር ይቆይ። ጣና ውስጥ መዋኘትን አንመክርም፦ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ፣ እንደ እንቁራሪት እግርን ከፍቶ መራገጥም ጉልበቱን ይጠመዝዛል። ገንዳ ያለው ሆቴል የሚገቡ ከሆነ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ውኃው ወገብ ላይ በሚደርስበት ቦታ መራመድ ጥሩ ነው፤ እግሩ የሚሸከመው የክብደትዎን ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | የመጀመሪያ 6 ሳምንት | ከባድ ጭነት ከ3ኛ ወር | ልኬት | እስከ 12ኛ ወር መዝለቅ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሆስፒታል | በጣም ጥሩ፣ ሐኪም ቅርብ ነው | ውስን | ደብተር ካለ ጥሩ | ወረፋና ጉዞ ያሰለቻል | ዝቅተኛ |
| ቤት ከክትትል ጋር | ጥሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከታየ | እስከ 4ኛ ወይም 5ኛ ወር | በሜትርና በተረከዝ | በራስ ላይ ይመሠረታል | ከሁሉ ያነሰ |
| የግል ባለሙያ በቤት | በጣም ጥሩ | ደካማ | መለኪያ ከያዘ ጥሩ | በወጪው ምክንያት ያጥራል | ከፍተኛ |
| ጂም | አይሆንም | ከሁሉ የተሻለ | ሌግ ኤክስቴንሽን ካለ | ጥሩ፣ ወርኃዊ ስለሆነ | መካከለኛ |
| አዲስ አበባ | ለውስብስብ ጉልበት ጥሩ | ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ | ለመክረም ከባድ | እጅግ ከፍተኛ |
| ወጌሻ | አደገኛ | የለም | የለም | የለም | የጅማቱ ዋጋ |

## ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለጠበበበት፦ የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት ሆስፒታል፣ እስከ 4ኛው ወር ቤት፣ ከዚያ ከ4ኛው እስከ 9ኛው ወር ጂም በሳምንት ሁለት ቀን። አንድ ብቻ መክፈል ከቻሉ ከመጀመሪያው ወር ይልቅ የጂሙን አምስት ወር ይክፈሉ። ይህ ብዙ ሰው ከሚያደርገው ተቃራኒ ነው፣ ግን የጎደለው ጡንቻ የሚመለሰው እዚያ ነው።

ኳስ ለሚጫወት ወጣት፦ ሆስፒታልና ጂም፣ በተጨማሪም በ6ኛው፣ በ9ኛውና በ12ኛው ወር የመመለሻ ፈተና። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የዴላዌርና የኦስሎ ተመራማሪዎች ጥናት፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስን በእያንዳንዱ ወር ማዘግየት የዳግም ጉዳትን መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያ በመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ላይ የተሠራ ነው፤ ለሁለተኛው ከ9 ወር ያነሰ ጊዜ ሊታሰብ አይገባም፣ ብዙ ሐኪሞችም 12 ይላሉ። ፈተናው ቀላል መሣሪያ ነው የሚፈልገው፦ በአንድ እግር ወደፊት ዘሎ በዚያው እግር ቆሞ መቅረት። ደህናው 150 ሴንቲ ሜትር፣ የተሠራው 129 ከዘለለ 86 ከመቶ ነው፤ 90 አልሞላም፣ አልተፈቀደም። ሦስት ተከታታይ ዝላይ፣ መስመር እያቋረጡ መዝለልና የ6 ሜትር ዝላይ በሰዓት ተይዞ ይጨመራሉ። ምትኩ ከሌላኛው እግር ከተወሰደ ግን ሁለቱን እግሮች ከማነጻጸር ይልቅ ከመጀመሪያው ጉዳት በፊት ወይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተለካ ቁጥር ካለ እሱን ይጠቀሙ።

ቢሮ ለሚሠራ፣ ወደ ስፖርት መመለስ ለማይፈልግ ሰው፦ ቤትና ወርኃዊ ክትትል፣ ለሦስት ወር ደግሞ ጂም ይበቃል። ቆሞ ለሚሠራ፣ ለሚሸከም ወይም ጀልባ ለሚቀዝፍ ሰው ግን እንደ ስፖርተኛ ነው የሚታየው። ከታንኳ ወደ ዳር መዝለል ከሜዳ ያነሰ ጉልበት አይጠይቅም።

ፎቅ ላይ ለሚኖር ወይም ክረምት ለሚሠራ፦ የግል ባለሙያ ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ ወደ ሌላው።

## መንገዱን መቀየር ያለብዎት መቼ ነው?

6ኛው ሳምንት አልፎ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ፣ ወይም ለመዘርጋት ሲሞከር ከፊት የሚገታ ነገር ካለ፣ ልምምድ መጨመር ብቻ አይፈታውም። ከጅማቱ ፊት የበቀለ የጠባሳ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ይመልከተው። ለሦስት ሳምንት የጭኑ ዙሪያም ሆነ ክብደቱ ካልጨመረ ያለው መንገድ አልቋል፣ ወደ ከባድ ጭነት ይሸጋገሩ። ጉልበቱ ድንገት ከከዳ፣ ወይም «ጧ» ብሎ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ልምምዱ ይቁም።

ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከመገለ፣ ጉልበቱ ከቀን ወደ ቀን እየሞቀና እየቀላ ከሄደ፣ ባት ካበጠና ሲነካ ካመመ፣ ከሁሉም በላይ ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፣ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻም ይዘው።